አርባ ምንጭን የሸሸገው መስመር

ትንቢት እንደምትለው፣ ቃልቤሳ የሥራ ማስታወቂያውን ሆን ብሎ ደብቆባታል። ቃልቤሳ እንደሚለው ደግሞ፣ እሱ ያደረገው እሷ ያለችውን ብቻ ነው።

የተፋጠጡት አቃቂ በሰቃ፣ ቃልቤሳ ኮምፒውተር በሚጠግንባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። ማመልከቻ መቀበያው አሥራ አንድ ላይ ይዘጋል።

«ጓደኛዬ የአብስራ ምሳ ላይ ባትነግረኝ እኮ አልሰማም ነበር!» አለች። «አርባ ምንጭ፣ የውሃ ጥራት ባለሙያ! ከወጣ አሥር ቀኑ! እኔ ግን በየጠዋቱ ያንተን ነገር ስከፍት ባዶ።»

የተዋወቁት ከኮዬ ፈጬ በሚነሳ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ስልኳ ላይ ሥራ ስታስስ መውረጃዋን አለፈች፤ እሱም እሷን ሲያይ የራሱን አለፈ። እየሳቁ በእግራቸው ተመለሱ። በሳምንቱ ኮድ የሚጽፍበትን ኤዲተር የሚባል ፕሮግራም ላፕቶፗ ላይ ጫነላትና እንደ ጋዜጣ አደረገው። ከየድረ ገጹ የሚወጣው ሁሉ በየክፍሉ ተለይቶ ይገባል፤ አንዱን ቁልፍ ስትጫን ዜና፣ ሌላውን ስትጫን ሥራ፣ ሌላውን ስትጫን ሳይንስ። አበባ ቢያመጣላት እንዲህ ደስ አይላትም ነበር።

«እስቲ ላፕቶፑን አምጪው» አለና የማስተካከያ ፋይሉን ከፈተ። ጣቱ አንድ መስመር ላይ ቆመ። ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ ሥራ እንዳይታይ ያዝዛል። ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ምክንያቱን ከጎኑ መጻፍ ልማዱ ነውና፣ እንዲህ ይላል፦ «ነሐሴ 3። ትንቢት፦ እማዬ በእግሯ እስክትሄድ ከአዲስ አበባ ንቅንቅ አልልም።»

ትንቢት ሁለት ጊዜ አነበበችው። ድምፅዋ ወረደ።

«እግሯ የተሰበረ ጊዜ ነው...»

«አዎ።»

«ብያለሁ ለካ። ይቅርታ ቃልዬ፣ በከንቱ ጮህኩብህ።»

እዚህ ላይ ዝም ቢል ነገሩ ያበቃ ነበር። ግን የትንቢት እናት ከጥምቀት ወዲህ ያለ ምርኩዝ ይሄዳሉ፤ ራሱ ቃልቤሳ ሳሪስ አቦ ድረስ ሸኝቷቸዋል።

«አትጠይቂኝ ይቅርታ። ማስታወቂያውን እንኳ አላየሁም። ይህን መስመር ግን ባለፈው ወር አይቼዋለሁ። እናትሽ እንደዳኑም አውቃለሁ። ላጠፋው እጄን ዘረጋሁና... ተውኩት።»

«ለምን?»

«ትሄጃለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ውጭ የጭነት መኪና ሲያልፍ የሱቁ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ትንቢት ቃልቤሳን ሳታይ ላፕቶፑን ወደ ራሷ አዙራ መስመሩን ከነማስታወሻው አጠፋችና የሥራውን ቁልፍ ተጫነች። አርባ ምንጭ ከላይ ቁጭ ብሏል።

«ፈሪ!» አለችው። ስድብ ይሁን ቁልምጫ አልለየለትም። «የትምህርት ማስረጃዬን ፍላሽህ ላይ አስቀምጬ ነበር። አምጣ!»

ፍላሹን ሰካላት። አሥር ተኩል ላይ ማመልከቻው ተላከ።

«እኔስ?» አለ በስተመጨረሻ፣ መሬት መሬት እያየ።

ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ዞረች።

«ካለፍኩ እሄዳለሁ» አለች፣ ጎረቤት እስኪሰማ ጮክ ብላ። «አንተ ደግሞ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እኛ ቤት ትመጣለህ። የሠራኸውን ለእማዬ በገዛ አፍህ ትነግራታለህ። እሷ ተቆጥታህ ስትጨርስ፣ እኔ ደግሞ የማገባው እሱን ነው እላታለሁ።»