ወይዘሮ ፍሪሃ እንግዳ የጠበቁበት ጠዋት

ወይዘሮ ፍሪሃ አምሳለም በሰማንያ አራት ዓመታቸው፣ እስራኤል፣ ዲሞና ከተማ ባለው ቤታቸው፣ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ወድቀው ሞተው ተገኙ። ማክሰኞ ነበር፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት።

ወጣቶቹ ፖሊሶች «አሮጊት ናት፤ አንሸራቷት ነው» ብለው ጉዳዩን ሊዘጉት ነበር። ለእነሱ ከሰባ በላይ የሆነ ሰው ሁሉ የሚሞተው በዕድሜው ነው። ጡረታ ልትወጣ ሁለት ዓመት የቀራት፣ ሰው መጠየቅ ያንገሸገሻት ኢንስፔክተር ሲሚ ቫክኒን ግን አስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። ከገንዳው በላይ ግድግዳው ላይ አራት ቀዳዳዎች አሉ፤ የጥርስ ሳሙና ተጠቅጥቆባቸዋል። በሟቿ የቀኝ እጅ ጥፍሮች ውስጥም ያው የጥርስ ሳሙና አለ። መኝታ ክፍል ስትገባ አልጋው ላይ ሰማያዊ ቀሚስ ተዘርግቶ፣ ከላዩ ጉትቻና መነጽር ተቀምጦ አገኘች።

መጀመሪያ ጎረቤቲቱን አሊስን ጠየቀች።

«እማማ አሊስ፣ ዛሬ እንግዳ ነበረባቸው?»

«ከመንግሥት ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ገምጋሚ ነዋ፣ በአራት ሰዓት። ፍሪሃ ከልጅነቷ አንድ እግሯ አይሠራም። የአካል ጉዳት አበሏ ጡረታ ዕድሜ ስትደርስ የእርጅና አበል ተባለ። አሁን ግን ገንዘቡ ከአልጋ አያነሳትም፤ የሚያነሳት ሰው ነው የሚያስፈልጋት። ረዳት እንዲመድቡላት ደግሞ ምን እንደማትችል መጥተው ማየት አለባቸው።»

«ከዚህ በፊት አልመጡም?»

«አምና መጥተዋል! ከንፈሯን ቀብታ፣ ኬክ ቆርሳ፣ ‹እኔ አንበሳ ነኝ› ብላ ሸኘቻቸው። የረዳት ሰዓት አንዲት እንኳ አልፈቀዱላትም። የሴት ልጇን የዞሃራን ወገብ ጨረሰችው፣ ነፍሷን ይማረውና።»

«መታጠቢያ ክፍሉ ግድግዳ ላይስ ምን ነበር?»

«መደገፊያ ብረት። ካልሲዋን ታሰጣበት ነበር።»

ወንድ ልጃቸው ፕሮስፐር የቧንቧ ሠራተኛ ነው።

«ትናንት ከእናትህ ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

«አረጋውያን ቤት ትግባ አልኩ፤ በከዘራ አባረረችኝ። ይኼ ወንጀል ነው?»

እናቷን አሥራ አንድ ዓመት ያስታመመችው ዞሃራ ግን እጇን ጉያዋ ከትታ፣ «ብረት? ኖሮም አያውቅ» አለች።

ሲሚ የወጥ ቤቱን መሳቢያ ከፍታ ካየች በኋላ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ብረቱን አንድ ሰው ፈቶታል፤ በገበታ ቢላ፣ ጫፉ ተጣሟል። ፕሮስፐር ቢሆን መፍቻ አለው። የእማማ አሊስ እጅ ብርጭቆ ሲይዝ እንኳ ይንቀጠቀጣል። ‹ኖሮ አያውቅም› ያለችኝ አንዲት ሰው ናት። ዞሃራ፣ መዳፍሽን አሳዪኝ።»

መዳፏ ውኃ ቋጥሯል።

«እንዲሞቱ አልፈለግሽም» አለች ሲሚ። «ገምጋሚው ብረቱን አይቶ ‹ብቻቸውን ይታጠባሉ› እንዳይል ፈትተሽ ቀዳዳዎቹን በጥርስ ሳሙና ደፈንሽ። ሲሄድ ልትመልሺው ነበር።»

«እስክመጣ እንዳትነሺ ብያታለሁ! ሁለት ጊዜ!»

«እሳቸው ግን ሳይታጠቡ እንግዳ አይቀበሉም። መነጽራቸውን ቀሚሱ ላይ ትተው ገቡ፤ ብረቱን በለመደ እጃቸው ሲፈልጉ ያገኙት ቀዳዳውን ነው።»

ዞሃራ አላለቀሰችም። «በቀን ሦስት ሰዓት ቢፈቅዱልኝ ብዬ ነው» አለች። «ልተኛበት። እናቴን ለእንቅልፍ ብዬ ገደልኳት።»

ፕሮስፐር «እኔ ብመጣ ኖሮ...» ብሎ ጀመረና ተወው።

ሲሚ በዚያች ደቂቃ ሥራዋን ጠላችው። ቢሆንም ጣቢያ መሄድ ግድ ነው። ዞሃራ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም፤ ሲሚ ብብቷን ይዛ ልትጎትታት አጎነበሰች።

«እንደሱ አይደለም» አለቻት ዞሃራ በቀስታ። «ጉልበትዎን አጠፍ ያድርጉና ወገቤን ይያዙ። አለዚያ ጀርባዎን ይጎዱታል።»