ፀጉርሽ ለእህትሽ…

ዞማ ፀጉሯ ከራሷ ላይ ተነሥቶ በቀጥታ አክስቷ ራስ ላይ የሚያርፍ መስሏት ነበር። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። አሁን በትምህርት ቤቱ አዳራሽ መካከል ቆማ የሌሎችን ፀጉር እያበጠረች፣ ለራሷ እንኳ ስታስበው ፊቷ በኀፍረት ይግላል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት ታምናለች? እርሷ ግን አምናው ነበር። ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር የገዛ ጉንጉኗ በአክስቷ ትከሻ ላይ ሲወርድ ይታያት ነበር።

ቅጽል ስሙን ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው። ያኔ ፀጉሯ ወገቧን አልፎ ይዘናፈል ስለነበር «ዞማ» አሏት። ዛሬ ፀጉሯ ከጆሮዋ አይወርድም፤ ስሙ ግን እንዳለ ቀርቷል።

ፊት ለፊቷ ባለው ባነር ላይ የእርሷ ፎቶ አለ፤ ከመቆረጧ በፊት፣ ከጀርባዋ የተነሣ። ከሥሩ በትልልቁ «ፀጉርሽ ለእህትሽ…» የሚል ተጽፏል። ዘመቻው የዚያ የታወቀ የካንሰር በጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ በቴሌቪዥን ያላየው፣ አንድ ቀን ኪሱን ያልዳበሰለት ሰው አይገኝም። ከ«ለእህትሽ» በኋላ ምን እንደሚከተል ግን ማንም አልጻፈም። ሦስቱን ነጥቦች የሞላቻቸው ዞማ ራሷ ናት።

የዛሬው ሥራዋ ቀላል ነው። ተራዋ የደረሰ ልጅ ስትመጣ ፀጉሯን ታበጥራለች፣ ትጎነጉናለች፣ ላይና ታቹን በላስቲክ ታስራለች። ከዚያ ልጅቷ ወንበሩ ላይ ትቀመጥና ድርጅቱ ያመጣት ፀጉር ሠሪ ትቆርጥላታለች። ፀጉር ሠሪዋ ቀልደኛ ናት። «አይዞሽ፣ ጭንቅላቱን አልነካብሽም፤ እሱን ለፈተና ትፈልጊዋለሽ» ስትል ሰልፉ በሙሉ ይስቃል። ዞማ አትስቅም።

አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ዞማን ያሳደገቻት እርሷ ናት። የካንሰሩ ሕክምና ፀጉሯን ባረገፈው ሰሞን «እሰይ፣ ከሻምፑ ወጪ ተገላገልን» ብላ ቀልዳበት ነበር። ውሎ አድሮ ግን ለልክ የሚመጡ ደንበኞች ዓይናቸውን ከሻሿ ላይ መንቀል ሲያቅታቸው፣ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና ማለት ተወች። ሜትሩን እንኳ አቀርቅራ ነው የምታነበው። ዞማ ፀጉሯን የሰጠችው ያን ጊዜ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከፀጉሯ የሚሠራው ዊግ ለአክስቷ መቼ እንደሚደርስ ለመጠየቅ ሁለቱም ወደ ድርጅቱ ቢሮ ሄደው ነበር። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ በትሕትና ተቀበለቻቸው፤ ውኃ አስመጣችላቸው፤ የአክስቷን እጅ በሁለት እጇ ይዛ አነጋገረቻት።

«የኔ እናት፣ እኛ እኮ ዊግ አንሠራም» አለች። «የሚሰበሰበውን ፀጉር ውጭ አገር ላሉ ነጋዴዎች ነው የምንሸጠው። ገቢው ለጠቅላላ ሥራችን ይውላል።»

«ጠቅላላ ሥራ ማለት?» ብላ ዞማ ጠየቀች።

«ብዙ ነገር ነው። ታካሚዎችን የሚያመላልሰው መኪና አለ፤ የሠራተኛ ደመወዝ አለ፤ ማስታወቂያ፣ የቢሮ ኪራይ። ድረ ገጻችን ላይ በግልጽ ተቀምጧል እኮ፣ የኔ ቆንጆ።»

ሴትዮዋ አልተደናገጠችም፤ የሚያስደነግጥ ነገር መኖሩም አልታያትም። ዞማን እጅ እግሯን ያሰራት ይኸው ነበር። ሌባ ብታገኝ ትጮህ ነበር። ያገኘችው ግን ደግ ፊትና ማንም ፈልጎ ያላነበበው እውነት ነው፤ በዚህ ላይ እንዴት ተብሎ ይጮኻል?

ሲመለሱ የተሳፈሩት በድርጅቱ መኪና ነበር። አክስቷን ወደ ሕክምናዋ የሚወስዳትም የሚመልሳትም ይኸው መኪና ነው።

«ዋሽተውኛል» አለች ዞማ።

«አልዋሹሽም» አለች አክስቷ። «አንቺ በልብሽ የጨረስሽውን እነሱ አላረሙልሽም። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«እና ዝም ልበል?»

አክስቷ የተቀመጠችበትን ወንበር መታ መታ አደረገች። «ሰኞ ማን ይወስደኛል፣ ልጄ? አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ስሄድ ምን እንደምሆን አይተሻል። ዊጉ ቢቀርብኝ ሻሽ አለኝ። መኪናው ቢቀርብኝስ ምን አለኝ?»

ዛሬ አዳራሹ ውስጥ ማበጠሪያ ይዛ ስትቆምም ጥያቄው ከጆሮዋ አልወጣም።

«ዞሚ፣ ተራዬ ደርሷል አቦ። ሐሳቤን ሳልቀይር ቶሎ በይ።»

ሬዲዮ ናት፤ የልብ ጓደኛዋ። ጠዋት የሰማችውን ከምሳ በፊት ለትምህርት ቤቱ ሁሉ ስለምታዳርስ ነው ሬዲዮ የተባለችው። መጥታ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ፀጉሯ ጥቁርና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ዞማ የሰደደችው ማበጠሪያ እየተንገዳገደ ወረደ።

«እናትሽ ፈቀደች?»

«መጀመሪያማ ልታብድ ነበር። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የቀባችኝ ቅባት ሁሉ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት መሰለኝ» አለች ሬዲዮ። «በኋላ ‹ለዞማ አክስት እኮ ነው› ስላት ለዘብ አለች። ‹ዩኒፎርምሽን በነፃ የሰፋችልሽ ሴትዮ? እንግዲያስ ይሁን› አለችኝ። ጓዳ ገብታ ትንሽ አለቀሰች። እኔ ግን አላየሁም ብያለሁ።»

ማበጠሪያው ቆመ።

«ቆይ ግን፣ ቀለሙ ይስማማታል? የሷ ትንሽ ቀላ ያለ አልነበር?»

ዞማ ዝም ብላ ጎንጉና ብታስረው ሁሉም ነገር ወዲያው ያልቃል። ሬዲዮ በኩራት አንገቷን እያዟዟረች ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ መኪናውም ሰኞ ደጃቸው ላይ ይቆማል። ብትናገር ደግሞ፣ ለሬዲዮ መንገር ለአዳራሹ ሁሉ መንገር ነው። ሁለቱንም በልቧ አመላለሰቻቸው፤ ሁለቱም ከበዷት። ከአፏ የወጣው ግን ሳታመዛዝነው ነበር።

«ለአክስቴ አይደርስም።»

«ምኑ?»

«ፀጉርሽ። የኔም አልደረሰም። ይሸጣል።»

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

«አይደለም።» ዞማ በሹክሹክታ የቢሮውንም የመኪናውንም ነገር አንድ ሳታስቀር ነገረቻት። ሬዲዮ ዞራ ታያት ጀመር።

«ታዲያ አንቺ ማበጠሪያ ይዘሽ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ፎቶሽም እዚያ ተሰቅሏል።»

«አላውቅም አልኩሽ እኮ።»

ሬዲዮ ወደ ሰልፉ ተመለከተች። በዚህ ሁሉ ጓደኝነታቸው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስትናገር ዞማ ሰምታት አታውቅም ነበር። «ልንገራቸው?»

«ከነገርሻቸው ይሄዳሉ። ከሄዱ አክስቴ ሕክምናዋን በምን እንደምትደርስ አላውቅም። ካልነገርሻቸው ደግሞ…»

ዞማ ዓይኗን ባነሩ ላይ ካሉት ሦስት ነጥቦች ላይ ጣለች።

«እሺ እኔስ? ልቀመጥ ወይስ አልቀመጥ? እሱን እንኳ ንገሪኝ።»

«ልነግርሽ አልችልም። ብችል ነግሬሽ ነበር።»

ሬዲዮ ወንበሩን አየች፤ ከወንበሩ ሥር የወዳደቁትን ቁርጥራጮች አየች። «መኪናው እኮ አላስጠላኝም» አለች ቀስ ብላ። «‹ለመኪና ነው፣ ስጪን› ቢሉኝ ምናልባት እሰጥ ነበር። እናቴ ያለቀሰችው ግን ለመኪና አይደለም። መጀመሪያ እሷን ልጠይቃት።»

ሰልፉን በጎን አልፋ፣ ለማንም አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ወጣች።

የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋም ዛሬ አዳራሹ ውስጥ ነበረች፤ ከባነሩ አጠገብ ሆና ይህን ስታይ ቆይታ ወደ ዞማ መጣች። «ልጅቷ ምን ሆነች?»

«እናቷን ልትጠይቅ ሄዳ ነው።»

«ጎበዝ። የወላጅ ፈቃድ ጥሩ ነው።» ፈገግ ብላ የዞማን አጭር ፀጉር ዳበስ አደረገችው። «ይኼ ሁሉ ልጅ የመጣው ባንቺ ምክንያት እኮ ነው።»

እጇ ሞቃት ነበር። ዞማ ሴትዮዋን ልትጠላት ሞከረች፤ አልሆነላትም። ባነሩን ብታወርደው ሌላ ይሰቅላሉ፤ ልጆቹን ከመታለል አድኖ አክስቷን የማይጎዳ ቃል ብትፈልግም አላገኘችም። ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። መሳቂያ ይፈልጋል፣ ይገፋፋል፣ ፀጉሩን በጣቱ እየለካ ይፎካከራል።

ቀጣይዋ ከታችኛው ክፍል የመጣች ቀጭን ልጅ ነበረች። ጀርባዋን ሰጥታ ጠበቀች። ኃላፊዋ ገና ብዙም አልራቀችም።

ዞማ ወደ ልጅቷ ጆሮ ጎንበስ አለች። ፀጉሩ እንደሚሸጥ፣ ገንዘቡም ከሌላ ብዙ ነገር ጋር ለታካሚዎች መኪና እንደሚውል ነገረቻት፤ ከዚያም ልጅቷ እስክትወስን ድረስ ሳትነካት ቆመች።