የማያምም እግር

በነሐሴ ወር ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.፤ ጣና ሞልቶ የሾላ ደሴትን ደንገል ባጥለቀለቀ ጊዜ፤ ከባሕር ዳር የመጡት ካድሬ ጓድ አዘዘ የሥጋ ደዌ ሕሙማኑን በመጠለያው ደጅ ሰብስበው አዋጅ መሰል ቃል ተናገሩ። መስከረም ሁለት ቀን የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት ሲከበር፤ በአዲሱ መድኃኒት የዳኑት በከተማው አደባባይ ይሰለፋሉ፤ ቤትና ሥራም በዚያው ይሰጣቸዋል፤ እግሩ የቆሰለ ግን ከደሴቱ አይወጣም አሉ።

ከዳኑት አንዱ ታንኳ ሠሪው ቢያዝን ነበር፤ ደንገል የምታቀብለው ሳቂታዪቱ ወለላም ድናለች። ሚስቱ ሰገነት ግን መድኃኒቷን ገና አልጨረሰችም። የወለላን ያልተነኩ ዐሥር ጣቶች ባየች ቁጥር አንጀቷ እርር ይል ነበር።

«እኔን ጥለህ ከሷ ጋር ልትሻገር ነው?» አለችው።

«ምን ነካሽ? ቤቱን ተረክቤ እወስድሻለሁ አልሁሽ እኮ።»

«እስከዚያ ጣት ያላት ታቀማጥልሃለቻ!»

ቢያዝን ሳቀ፤ ሳቁ ይብስ አበገናት።

ደዌው ቢድንም የደነዘዘ እግር እሾህ ቢወጋው አያውቅምና፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ባልና ሚስት አንዱ የሌላውን ውስጥ እግር አጥቦ መመርመር የደሴቱ ደንብ ነበር። ሰልፉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፤ ሰገነት ከባሏ ተረከዝ ዘልቆ የገባ የአጋም እሾህ አየች። ልትነግረው አፏን ስትከፍት ወለላ ከደጅ ተጣራች።

«ጋሽ ቢያዝን! የሰልፍ ልብሳችን መጣልን!»

«እግሬ ደኅና ነው?» አለ ቢያዝን ለመነሣት እየቸኮለ።

«ንጹሕ ነው፤» አለች ሰገነት፤ እግሩንም በጨርቅ አደረቀችለት።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። በሳምንቱ እግሩ አብጦ መገለ፤ ትኩሳት ጣለው። ወለላ በአደባባይ ስትሰለፍ እርሱ እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተቆርጦ ተኝቶ ነበር። ሰገነት ከአጠገቡ ሆና ተንሰቀሰቀች፤ ባሏ ቀረላት፤ ደስታው ግን አልመጣላትም።

«አታልቅሺ፤ እሾሁን ባታይው አልፈርድብሽም» አላት። «ይህ ደዌ ዓይንሽንም እንደበላው ማወቅ ነበረብኝ። እንዲህ ሆነሽ ጥዬሽ ልሄድ መነሣቴ ነው ጥፋቱ።»

እውነቱን ልትነግረው አልደፈረችም። ከዚያ ወዲያ ቢያዝን በምርኩዝ እያነከሰ፤ ሚስቱ እንዳትደናቀፍ ክንዷን ይዞ ይመራት ነበር፤ እርሷም የማታይ መስላ ትከተለው ነበር።

የዚያን ቀን ሰልፍ የጻፉ ሁሉ የዳኑትን አወድሰዋል፤ የመጠለያው መዝገብም ከቢያዝን ስም ጎን «እግሩን በሥጋ ደዌ ያጣ» ብሎ ዘግቶታል። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረችው ሰገነት ያችን መስመር ከሩቅ ሆና፤ አንዲት ፊደል ሳትስት አንብባታለች።