በአዘዞ የቆመው ጀልባ

አዘዞ ባሕር የላትም፤ ጀልባ ግን ነበራት። ሰጥሞ ከነበረበት ከጣና ወጥቶ በጭነት ማኪና የመጣ ዝገታም ብረት ነው፤ በድንጋይ ተደግፎ ሁለት ዓመት ቆሟል። ባለቤቱ ዓለምነው «አድሼ ባለ ሸራ አደርገዋለሁ» ብሎ ሚስቱንና ቤቱን ትቶ እዚያው ውስጥ ይኖር ስለነበር ሰፈሩ «ኖኅ» ይለው ነበር።

ኖኅ ግን ከጎርፉ በፊት ሞተ። ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሚስቱ መንበረ ቁርስ ይዛለት መጥታ ብታንኳኳ መልስ አጣች። ጎረቤት ከውስጥ የተቀረቀረውን በር ሰብሮ ሲገባ ዓለምነው ከከሰል ምድጃው አጠገብ ተጋድሟል።

ኢንስፔክተር እንኳየሁ ሬሳውን አይታ ሽቅብ አንጋጠጠች። የጭስ መውጫውን ቱቦ በዱላ ብትወጋው የጆንያ ቁራጭ ዱብ አለ።

«የከሰሉ ጭስ አፍኖታል። ይህ በራሱ አልገባም። ከላይ ሆኖ የጠቀጠቀው ሰው አለ» አለች።

ሳጅኑ ካቴናውን አውጥቶ መንበረን እያየ ነበር። ባለፈው ሳምንት «ይችን ቆርቆሮ ከነአንተ አቃጥላታለሁ» ስትል ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷታል።

«ብያለሁ» አለች መንበረ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ስተኛ ምነው ዝም ልበል? ግን እኔ ብገድለው ፊት ለፊት ነበር።»

«ጀልባው ላይ ማን ማን ይወጣል?»

«እኔ፣ የጀልባውን ስም የሚጽፉት መሪጌታና በያጁ ቢያዝን። ቢያዝን ሸጋ ሰው ነው። ጠጉሩ ብቻ ከባርኔጣው ሥር ትከሻው ላይ ይወርዳል። ምነው አትቆረጠውም ስለው ‹ስለት አለብኝ› ይለኛል።»

መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ የጀልባውን ግንባር በሸራ ሸፍነውታል። «ስሙን ትናንት ጨረስሁ። እስከ ምርቃቱ ለማንም እንዳላሳይ አስምሎኛል» አሉ።

ቢያዝን ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ። «ሳጅኑ ሲደውል ተኝቼ ነበር፤ በቀጥታ መጣሁ» አለ። እንኳየሁ ዐይኗን ከማጅራቱ አላነሣችም። ከዚያ አንድ ፖሊስ ጠርታ በጆሮው የሆነ ነገር ነግራ ላከችው።

ፖሊሱ ሲመለስ ሁሉንም ጀልባው ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ሳጅን፣ ካቴናውን ለጊዜው ኪስህ ክተት። ቢያዝን፣ ባርኔጣህን አውልቅ።»

ቢያዝን አላወለቀም፤ ሳጅኑ አወለቀው። ራሱ ሙልጭ ተደርጎ ተላጭቷል።

«ለጌታዬ ሐዘን ነው የተላጨሁት።»

«ሐዘንተኛ ይላጫል፤ መርዶ ከሰማ በኋላ። አንተ መርዶውን የሰማኸው ተኝተህ ነው፤ የመጣኸውም በቀጥታ ነው። ታዲያ መቼ ተላጨህ? ጠጉር አስተካካዩን አስጠየቅሁት። ዛሬ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከእንቅልፉ ቀስቅሰኸው ተላጭተሃል። እትዬ መንበረ በሩን ያንኳኩት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በፊት ዓለምነው መሞቱን የሚያውቅ ገዳዩ ብቻ ነበር።»

ቢያዝን የተላጨ ራሱን ዳበሰ።

«እኔም የሳንጃ ልጅ ነኝ» አለች እንኳየሁ። «በአገራችን ደም ያለበት ሰው ደሙን ሳይመልስ ጠጉሩን እንደማይላጭ አውቃለሁ። የማን ደም ነው?»

«የወንድሜ የአወቀ!» አለ ቢያዝን። «ይህች ጀልባ ስትሰጥም ዓለምነው ታንኳ ላይ ወጥቶ፣ ገመድ ይዞ ቆሞ ነበር። ወንድሜ ‹አያ ዓለምነው!› እያለ ሲጣራ ታንኳው እንዳይገለበጥበት ፈርቶ አልወረወረለትም። ይህ ከሆነ አሥር ዓመቱ ነው። ለሥራ ሲቀጥረኝ ስሜን እንጂ ወገኔን አልጠየቀኝም። ሌሊት ጆሮዬን ብረቱ ላይ አድርጌ የሱ ሳል እስኪቆም አዳመጥሁ። ደስ አለኝ፤ አሁንም ደስ ይለኛል!»

መሪጌታ ሸራውን ጎትተው ጣሉት። በግንባሩ ላይ በትልልቅ ቀይ ፊደል «አወቀ» ተጽፏል።

«ሲታደስ ለሟቹ ቤተሰብ ሊሰጥ ነበር» አሉ። «እስከዚያ ከዚህ ብረት አልወርድም ብሎ ተስሏል። ወንድሙን ፈልጉልኝ ብሎ ሽማግሌም ልኮ ነበር፤ አንተ መሆንህን ማን አወቀ!»

ቢያዝን ፊደሉን አንድ በአንድ አየው። «ስሙን ለመጻፍ አሥር ዓመት ፈጀበት» አለ። «ገመድ ለመወርወር አንድ አፍታ ይበቃው ነበር።» እጁን ለካቴናው ራሱ ዘረጋ።

ሲወስዱት የሰፈሩ ሴቶች እንደ ወጉ የሟቹን ሚስት ለሐዘን ሊላጩ ምላጭ ይዘው መጡ። መንበረ ሹሩባዋን በሁለት እጇ ያዘች።

«እኔን አትላጩኝ» አለች፣ ከቢያዝን ጀርባ ላይ ዐይኗን ሳትነቅል። «ጊዜው አልደረሰም።»

እንኳየሁ ሰማቻት።