«አንብብ» የሚለው አብራሪ

በሩን ቀርቅሩት። አንተ ደጃፍ ላይ የተገተርከው፣ ወይ ግባ ወይ ውጣ። ግማሽ የገባ ሰው አልወድም፤ ዛሬ ማታ ደግሞ ጭራሽ አልወድም።

ሰዓቱ እኩለ ሌሊት ነው። ጨረቃ ገብታለች። ጓንጉል የሚባል ሰው ከተዝካር ወደ ቤቱ ይሄዳል። ብቻውን ነው። መንገዷ ከዋርካው ሥር ታልፍና ወደ ወንዙ ትወርዳለች። ሰው በሞላበት አገር ብቻውን ምን አስኬደው? ጠላ ነዋ! ጠላ ጠጥቶ ጀግና ያልሆነ ወንድ አሳዩኝ።

ሄደ፣ ሄደ። ከኋላው እግር ሰማ። አንዱ እግር ይረግጣል፤ አንዱ ይጎተታል። ቆመ፤ እግሩም ቆመ። ሄደ፤ እግሩም ሄደ። ቀጥሎ ሸተተው። ምን ሸተተው? ጅብ? የለም። የተቃጠለ ቤንዚን። መኪና ባልገባበት አገር! ቀጥሎ ከዋርካው ሥር መሬት ለመሬት የሚጎተት ነጭ ሐር አየ። ከሐሩ መሀል እጅ ወጣ። እጁ ወረቀት ይዟል።

«አንብብ» አለው።

ጓንጉል ወደ ኋላ አፈገፈገ። ለምን መሰላችሁ? ድምፁን ያውቀዋላ!

ከአሥር ዓመት በፊት ነው፣ ጣሊያን ሊወጣ ሲል። ሁለት አውሮፕላኖች ሰማይ ላይ ተናከሱና አንዱ እየነደደ ወረደ። ጓንጉል ውሃ በቅል ይዞ ከእርሻው ሲመለስ፣ ዋርካው ሥር አንድ ነጭ ሰው፣ ከሰማይ ያወረደው የሐር ጃንጥላ እንደተጠመጠመበት ወድቆ አገኘ። እግሩ ተሰብሯል። ከንፈሩ ደርቋል። ሰውየው ቅሉን አየ። ከደረት ኪሱ ማኅተም ያለበት ወረቀት አወጣና፣ አስተምረው የላኩትን አንዲት ቃል ተናገረ፦ «አንብብ።»

አሁን ልጠይቃችሁ። ጓንጉል ማንበብ ይችላል? ከየት አምጥቶ! ፊደልና የዶሮ ጭረት አይለይም። «አልችልም» ቢል ምን ነበረበት? አፈረ። የፈረንጅ መሳቂያ አልሆንም አለ። ወረቀቱን ገልብጦ ያዘና ከንፈሩን አነቃነቀ፤ እንዳነበበ ሰው ራሱንም ነቀነቀ። ነጩ ሰው ፈገግ አለ። አመነው። ጀርባውን ዋርካው ላይ ደገፍ አድርጎ ዐይኑን ጨፈነ።

ጓንጉል ልብ ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነው። ያን ጊዜ ነጭ ሁሉ ጣሊያን ነው። ማኅተም ያለበት ወረቀት ሁሉ ጣሊያን «ግቡ» እያለ ከሰማይ የሚበትነው ነው። የእናቱን ልጅ፣ ታናሹን፣ አውሮፕላን ነው የፈጀበት። «አልገድልህም፤ አላድንህምም» አለና ወረቀቱንም ቅሉንም ይዞ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ጓንጉል ወስዶላቸው፣ የደብሩ መምህር መሪጌታ ውብአንተ ወረቀቱን አነበቡት። ፊታቸው ተለወጠ።

«ምን ይላል፣ የኔታ?»

«ይህ ሰው እንግሊዝ ነው፤ ጣሊያንን ሊወጋልህ የመጣ ወዳጅህ ነው። ውሃ ስጠው። ሰውረው። ይላል። ጓንጉል፣ ሰውየው የታለ?»

ሮጡ። ምን ዋጋ አለው? ሞቷል። ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ነው የሞተው። አያችሁ፣ ይመጣል ብሎ እየጠበቀ ነበር።

ኋላ የእንግሊዝ ሹም ከአስተርጓሚ ጋር መቃብሩን ሊያይ መጣ። ስሙ ዊልፍሬድ ነው አለ፤ የእኛ ሰዎች «ወልደ ፍሬ» ብለውት አረፉ። ዕድሜው ሃያ አራት። አሥራ አንድ የጠላት አውሮፕላን ጥሏል። ሁለት ጊዜ ተመትቶ ወድቆ፣ ሁለቴም ቁስሉ ሳይደርቅ ተመልሶ ወጥቷል። አንዴ ጓደኛው በረሃ ላይ ቢወድቅ፣ ጥይት እየዘነበበት አጠገቡ አርፎ፣ አንድ ሰው በምትይዝ አውሮፕላን ጭኑ ላይ አስቀምጦት ተነሣ። ለዚህ ንጉሣቸው በገዛ እጃቸው ሜዳሊያ ደረቱ ላይ ሰኩለት። የወደቀ ሰው ጥሎ የማይሄድ ሰው ነበር!

«በሕይወት ሳለ ያገኘው ሰው አለ?» አለ ሹሙ።

ጓንጉል መሬት መሬት አየ። መሪጌታ ጓንጉልን አዩ። ሹሙም መቃብሩን ተሰናብቶ ሄደ።

እንግዲህ ወደዚያ ሌሊት እንመለስ። «አንብብ» ሲለው ጓንጉል ምን አደረገ? እግሬ አውጪኝ! ሚስቱ እናኑ በሩን ስትከፍት «ጅብ ነው?» አለችው።

«ጅብ በሆነ!»

በማግስቱ መሪጌታ ዘንድ ሄዶ ከሕፃናት ጋር ተቀመጠ። አርባ ያለፈው ሰው! እናኑ «ሽበትህን ሳትቆጥር ፊደል ትቆጥራለህ?» ብላ ሳቀችበት። ሁለት ክረምት ቆጠረ። ከዚያ ወረቀቱን ከሣጥን አወጣ፣ ችቦ አበራ፣ ብቻውን ዋርካው ሥር ሄደ።

እግሩ መጣ። ቤንዚኑ መጣ። እጁ መጣ።

«አንብብ።»

አነበበ። እየተንተባተበ፦ «ይህ ሰው... ወዳጅህ ነው። ውሃ... ስጠው...» እዚያ ላይ ሲደርስ እጆቹን አየ። በአንዱ ችቦ፣ በአንዱ ወረቀት። ቅሉስ? ሁለት ክረምት ፊደል ሲቆጥር ውሃ መያዝ ትዝ አላለውም!

ነጩ ሰው ግን ፈገግ አለ። ጀርባውን ዋርካው ላይ ደገፍ አድርጎ ዐይኑን ጨፈነ። ሊጠብቀው።

ጓንጉል እያለቀሰ ሮጠ። ከቤቱ ቅል ይዞ፣ ከወንዙ ሞልቶ ሲመለስ ማንም የለም። ቅሉን ወትፎ ዋርካው ሥር ትቶት ሄደ። ጠዋት ባዶ ሆኖ አገኘው። ወፍ ጠጥቶት ነው አልሽ? ውታፉን መልሶ የሚወትፍ ወፍ አይተሽ ታውቂያለሽ?

እስኪሞት ድረስ በየማታው ውሃ አደረሰ። እሱ ከሞተ ወዲህ ግን የሚያደርስ የለም።

ስለዚህ በዚያ መንገድ ብቻችሁን አትሂዱ። ግድ ከሆነባችሁ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። «አንብብ» ቢላችሁ፣ የማትችሉ «አልችልም» በሉ፤ አያሳፍርም። አነበብኩ ብላችሁ ግን እንዳትዋሹት።

ያምናችኋል።