የስውራን እስር ቤት

በሩ ሲሰበር ቀድማ የገባችው ወንጌላዊት ነበረች። ምናሴ ግንባሩን የጨዋታቸው ካርታ ላይ ደፍቶ ተቀምጧል፤ ላየው ሰው እንቅልፍ የጣለው ይመስላል። እግሩ ሥር የከሰል ማንደጃው አመዱን ይዞ ቀዝቅዟል። ማንደጃው የእሷ ነው። ቅዳሜ ለጓደኞቿ በቆሎ ልትጠብስ ከቤቷ ተሸክማ ያመጣችው እሷ፣ ዝናቡ ሲመጣ «ተይው፣ ይሙቀኝ» ቢላት ከነፍሙ ትታው የሮጠችውም እሷ።

«የከሰል ጭስ ነው» አለ የተጠራው ሐኪም።

እሷ ግን ለማንም ያልነገረችው ሌላ ነገር ነበራት። ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ምናሴ ደውሎ «ራሴን ፈለጠኝ፤ ያጥወለውለኛል» ብሏት ነበር። እየተቻኮለች «ተኛበት፤ ይለቅሃል» ብላ ስልኩን ዘጋችበት። ከሰል ሲያፍን ራስ እንደሚፈልጥ ማን ያጣዋል? ያውም እሷ፣ ኮሌጅ ውስጥ ኬሚስትሪ የምታስተምር ሴትዮ! ይህን ብትናገር የምናሴ እናት ዓይን ውስጥ እንዴት ትገባለች? ባትናገርስ እንዴት ትተኛለች?

ኢንስፔክተር ሥርጉት፣ ዓባይ ማዶ ሰፈር ካለው የምናሴ ግቢ የደረሰችው ሬሳው ሳይነሣ ነው። አባቷ መሪጌታ ናቸው፤ የቅኔ ተማሪ ሲያርሙ እየሰማች ስላደገች ግድፈት መልቀም ልማዷ ነው። ሬሳው ከተነሣ በኋላ ምናሴ የሚኖርባትን ሰርቪስ ቤት ዞር ዞር ብላ አየች፦ የብሎኬት ግድግዳ፣ በውስጥ የተወረወረ መቀርቀሪያ፣ በብርድ ልብስ የተሸፈነ መስኮት፣ ከጠረጴዛው በላይ ደግሞ በጓሮ በኩል ብርሃን የምታስገባ አንዲት የአየር ቀዳዳ።

«ይህ ብርድ ልብስ ምንድን ነው? ሙሽራ ልትደብቁ ነው?»

«የጨዋታችን ነው» አለ ይትባረክ። የፋብሪካ ቴክኒሻን ነው፤ አዲስ አበቤነቱ ከአፉ አልለቀቀም። «ምናሴ ዓለሙን ይፈጥራል፣ ይተርካል፤ እኛ ደግሞ እዚያ ውስጥ ሰው እንሆናለን። ገድሉ ንጉሥ ነው፣ ወንጌላዊት መድኃኒተኛ ናት፣ እኔ ከስውራን ወገን ነኝ።»

«ስውራን ምን ያደርጋሉ?»

«ዓይናቸው ያረፈበት ቦታ ላይ ይገኛሉ። እዚህ ተሰውረው እዚያ ይገለጣሉ። አጥር አይከለክላቸው፣ ዘበኛ አይዛቸው።»

«ወይ ጉድ! እንዲህ ያለ ሌባ ቢያጋጥመኝ ገና ድሮ ሥራ በለቀቅሁ። ታዲያ በዚያ አገር ሀብታሙ ንብረቱን በምን ይጠብቃል?»

«እሱ ነው ያጣላን» አለች ወንጌላዊት። «ምናሴ ‹እንዲህ ያለ ወገን ካስገባችሁ አገሩ እንዳለ ይለወጣል› ባይ ነበር። ግንብ ማን ይሠራል? ኬላ ላይ ማን ይፈተሻል? ሰው ቁልፍ ትቶ መጋረጃ ይገዛል። ብርድ ልብሱን የሰቀልነው ክፍሉ የዚያን አገር ቤት እንዲመስል ነው።»

«ማን ከማን ተጣላ?»

ጥግ ይዞ የተቀመጠው ገድሉ ቀና አለ። የዘጌ ቄስ ልጅ ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት ይሠራል። «እኔና ምናሴ ነን፣ እሜቴ። ሁለት ዓመት የገነባሁት ግንብ ትናንት በአንድ ከሰዓት ከንቱ ሆነ። ይትባረክን አሰርሁት፤ በእስር ቤቱ ቀዳዳ አሻግሮ አይቶ አመለጠኝ። ምናሴም ‹ስውር የሚታሰረው በጨለማ ነው፤ ቀዳዳውን ሳትደፍን አሰርሁ ትላለህ?› ብሎ ሳቀብኝ።»

ሥርጉት ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የጨዋታውን የድሮ ካርታዎች በጣቷ እየነካካች ሄደች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዳሰሰች። ቀጥላ ወደ እናትየው ዞረች። ወይዘሮ እናትዓለም ጉልበታቸውን ሊታከሙ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሰንብተው ያን ጠዋት ነበር የተመለሱት።

«እትዬ፣ ይቺ ቀዳዳ ዝናብ ታስገባለች?»

«ነፋሱ ከጣና በመጣ ቁጥር! ትደፈን ብለው፣ ‹አየር ከየት ላመጣ ነው› ብሎ እምቢ አለኝ።»

«ትናንትማ ዶፍ ነበር» አለ ይትባረክ። «ከሐይቁ በኩል ነው የመጣው፤ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ በሰበስኩ።»

«ዛሬ ጠዋትስ እንዴት ሆነ፣ እትዬ?»

«አልከፍት ሲለኝ ለልጆቹ ደወልሁ። ይትባረክ በሩን ይገፋል፤ ወንጌላዊት ስሙን ትጠራለች፤ ገድሉ ‹በቀዳዳው ልየው› ብሎ በጓሮ ዞረ።»

በሠልስቱ ዕለት ለቀስተኛው ሲሳሳ፣ ሥርጉት ሦስቱን ጓደኞችና እናትየውን ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ወንጌላዊት «አሁን ስሜን ትጠራለች» ብላ አስባ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች።

«ማንደጃው ብቻውን አልገደለውም» አለች ሥርጉት። «በዚያች ቤት ስንት ክረምት በቆሎ ጠብሳችኋል? ጭሱን ቀዳዳዋ ታወጣው ነበር። የድሮ ካርታዎች ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ሳሉ አንደኛውን ጥጋቸውን ውኃ በልቶታል። የቅዳሜው ግን ደረቅ ነው፣ ቀለሙ ጠብ አላለም። ከጣና የመጣ ዶፍ ዘንቦ! እንግዲህ ዝናቡ ሲመታ ቀዳዳዋ ተደፍና ነበር። በሩ ሲሰበር ደግሞ ክፍት ነበረች። ደፋኝም ከፋችም አለ ማለት ነው። ምናሴ ራሱ ደፍኗት ቢሆን ማን ይከፍታታል? የሞተ ሰው አይከፍትም።»

«በስመ አብ!» አሉ እናትዓለም።

«የሠራው ከውጭ ያለ ሰው ነው። ማን ይሆን ብዬ የጨዋታውን ሕግ ጠየቅሁ። ስውሩ ይትባረክ ቀዳዳ አይደፍንም፤ ማምለጫው ናት። ጨለማ የሚፈልገው አሳሪው ነው። በሩ ሳይሰበር በጓሮ የዞረውም አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ገድሉ ሊክድ አልሞከረም። «ቀልድ ነበር። ቅዳሜ ስንወጣ በጓሮ ዞሬ የማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልዬ ወተፍሁባት። ‹አሁንስ ወዴት ትሰወራለህ?› አልሁት። ከውስጥ እየሳቀ ‹ታሰርሁ፣ ንጉሥ ሆይ፣ ማረኝ!› አለኝ። ወዲያው ላወጣው ነበር፤ ዝናቡ ወረደ፤ ሮጥሁ። ከዚያ ረሳሁት። በቁርባኔ፣ ረሳሁት! ጠዋት ስትደውሉ ነው ትዝ ያለኝ። ፈራሁና መዘዝሁት።»

ይትባረክ ዘሎ አንገቱን ሊያንቀው ሲል ሥርጉት በክንዷ መለሰችው። «ልጄን በማዳበሪያ!» ብለው እናትዓለም ደረታቸውን ደቁ። ወንጌላዊት እፎይ አለች፤ ወዲያው እፎይ ማለቷ ራሱ አስጠላት። ነገሩ ሁሉ ገድሉ ላይ አርፏል፤ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ገድሉ እንደ ተከሰሰ ሕፃን አንገቱን ደፍቷል።

«ደውሎልኝ ነበር» አለች።

ሁሉም ዞሩ።

«ራሱን እንዳመመው ነገረኝ። እሳቱን እንደተውሁ አውቃለሁ፤ ምን እንደሚያደርግም አውቃለሁ፤ አስተምረዋለሁ! አላሰብሁትም። ‹ተኛበት› አልሁት። ተነሥቶ በሩን ይከፍት ነበር፣ ያስተኛሁት እኔ ነኝ።»

«ይህ በሕግ አያስጠይቅሽም» አለች ሥርጉት ዝቅ ባለ ድምፅ። ወንጌላዊት ግን እንዲያስጠይቃት ነበር የፈለገችው። ከሥርጉት ጋር ለመሄድ ገድሉ ብቻውን ተነሣ፤ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተጠርጥሮ ቃሉን ሊሰጥ።

እናትዓለም እየተንፏቀቁ አጠገቧ መጡ። ሊመቱኝ ነው ብላ ዓይኗን ጨፈነች። እጇን ያዟት።

«ወንዛዬ ስልኬ አልሠራ ብሎኝ ነበር» አሉ። «ድምፁን የመጨረሻ የሰማሽው አንቺ ነሽ። ምን ነበር ያለሽ?»

«ራሴን ፈለጠኝ፤ ያጥወለውለኛል...»

«እንደ እሱ አድርገሽ በይልኝ» አሉ።

ወንጌላዊት አለችላቸው።

«እስቲ ደግሞ» አሉ እናትዓለም።