መጋረጃ የሌለው ቤት

አርክቴክቱ ሜትሩን ወደ መሰላሉ ሽቅብ አቀበላት።

«በደንብ ለኪው እህቴ» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «የኔ መስታወት ልክ አይስትም።»

ጭምት ከመሰላሉ ላይ ጎንበስ ብላ ተቀበለችው። በሜትሩ ሆድ ሥር የተለጠፈች ትንሽ ወረቀት በጣቷ ተሰማቻት። አውራ ጣቷን ጫነችባትና ሜትሩን ዘረጋችው።

«ስድስት ከአርባ» አለች።

«ስድስት ከአርባ ሁለት» አለ አርክቴክቱ።

ምልክቱ ይህ ነበር። ሁለቷን ከጨመረ፣ ወረቀቷ ላይ ያለው እውነት ነው ማለት ነው። ሳይጨምር ቢቀር ኖሮ መሰላሏን አጥፋ ወደ ቤቷ ትሄድ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ሳይጨምር ቢቀር ደስ ባላት ነበር።

የስለላ መሥሪያ ቤቱ «ጭምት» የሚል የሚስጥር ስም የሰጣት ብዙ ስለማትናገር ነው። ዛሬ ግን ዝም ያሰኛት ፍርሃት ነው። መጋረጃ ሰፊ መስሎ መግባቱ አላስቸገራትም፤ እናቷ በመርፌ ነው ያሳደገቻት። ያስፈራት ቤቱ ነው።

እንዲህ ያለ ቤት አይታ አታውቅም። ከኮረብታው ወገብ ወጥቶ ግማሹ አየር ላይ የተንጠለጠለ፣ ሁለመናው ነጭ ኮንክሪትና መስታወት። ሳሎኑ፣ መመገቢያውና ወጥ ቤቱ አንድ ሜዳ ናቸው። ደረጃው መደገፊያ የሌለው፣ ከግንቡ አንድ በአንድ የወጣ ሳንቃ ነው። መዋኛ ገንዳው ዳር የቆመ ሰው፣ ፎቅ ላይ ያለው ጥርሱን ሲፍቅ ያያል። ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል፤ የዚህኛው ዓይንም ነበረው። ለሰላይ የሚሆን አንዲት ጥግ እንኳ አልተተወም።

የቤቱ ጌታ የመሥሪያ ቤቱ የቀድሞ የመዝገብ ሹም ነው። ጡረታ ሲወጣ ይዞ የወጣው የምስጋና ወረቀቱን ብቻ አልነበረም። በሐሰት ስም ከድንበር ማዶ የሚኖሩ የሠላሳ አንድ ሰላዮች ዝርዝርም አብሮት ወጥቷል። አሁን ገዢ አግኝቷል። ዝርዝሩ ከተሸጠ ሠላሳ አንዱም ሳምንት አይከርሙም። ዘጠነኛዋ የጭምት ታናሽ እህት ናት። ወደዚህ ሥራ ያስገባቻትም ራሷ ጭምት ናት፤ «ምንም አትሆኚም፣ እኔ አለሁ» ብላ።

የላካት አለቃዋ «አጎት» ይባላል፤ ይህም የሚስጥር ስም ነው። አሥራ ሁለት ዓመት አብራው ሠርታለች። ትእዛዙ አጭር ነበር። «አሥር ሰዓት ላይ ግቢ። ከዚያ በፊት እንዳትገቢ። ዕቃውን ለኔ ብቻ አስረክቢ።»

ጭምት ግን ከምሳ በፊት ገብታለች። ትእዛዝ ንቃ አይደለም። የቤቱ እመቤት ደውላ «ፀሐይዋ ምሳ ጠረጴዛዬ ላይ ጉብ ስትልብኝ ካላየሽ ምኑን ትሰፊዋለሽ?» ስላለቻት ነው። ልክ ናት። መጋረጃ የሚሰፋ ሰው ብርሃኑ የት እንደሚወድቅ ሳያይ ጨርቅ አይቆርጥም። አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ ያቺ ፀሐይ ከቤቱ ጀርባ ናት። እምቢ ብትል ሙያዋ የውሸት መሆኑ ይታወቅባታል። ይህን ልትነግረው ለአጎት ሁለቴ ደወለች፤ አላነሳም።

«ነይ እስቲ ወደ ፎቅ» አለቻት እመቤቲቱ። «አሥራ አንድ ወር ሙሉ ልብስ የምቀይረው መሬት ተቀምጬ ነው፣ ታምኛለሽ?»

«ኧረ እትዬ።»

«እውነቴን ነው። አትክልተኛው ዛፍ ላይ ሲወጣ እኔ አልጋ ሥር እገባለሁ። ይኼ ሰውዬ ደግሞ» አለች አርክቴክቱን በአገጯ እያሳየች፣ «መጋረጃ ስለው መርዶ የነገርኩት ይመስለዋል።»

«ቤቱን ምንም እንዳይደብቅ አድርጌ ነው የሠራሁት» አለ አርክቴክቱ።

«እኔ ግን የምደብቀው አለኝ ወንድሜ። ሃምሳ ዓመቴ ነው።»

ጭምት ሳቀች። ሳቋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

መኝታ ቤቱ ሲደርሱ፣ ለእመቤቲቱ ጀርባዋን ሰጥታ ወረቀቷን አነበበች። «ከውጭ ስምንት ከሃያ። ከውስጥ ሰባት። ከቁም ሳጥኑ በስተቀኝ፣ ከጉልበት ዝቅ ብለሽ ግፊ።» ወረቀቷን ዋጠቻት።

ሜትሩን ከመስታወቱ እስከ ቁም ሳጥኑ ጀርባ ዘረጋች። ሰባት ሜትር። ቅድም በረንዳው ላይ ስትለካው ስምንት ከሃያ ነበር። ሜትር ከሃያ የምታህል ክፍል ተውጣለች። ምንም አይደብቅም በተባለው ቤት ውስጥ፣ ሹሙ አርክቴክቱን አስገድዶ መደበቂያ አሠርቷል። ግንቡን የገነባው ግንበኛ ሥራው ባለቀ በሳምንቱ መኪና ገጭቶት ሞተ፤ መኪናው አልተገኘም። አርክቴክቱ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ወደ መሥሪያ ቤቱ የመጣው በራሱ እግር ነው።

ከግቢው በር የመኪና ጥሩምባ ተሰማ።

«ውይ፣ እንግዳው ደረሰ» አለች እመቤቲቱ ጸጉሯን እየነካካች። «አንቺ ለኪ፣ መጣሁ።»

ወረደች።

ጭምት ለሙከራ ያመጣችውን ረጅም ጨርቅ በመስታወቱ ላይ ሰቀለች። ከውጭ ለሚያያት ቀለም የምትመርጥ ሠራተኛ ናት። ከጨርቁ ጀርባ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚደብቅ ጥግ ተፈጠረ። ተንበርክካ ገፋች።

ሳንቃው ያለ ድምፅ ተከፈተ።

ውስጡ ጨለማና የኖራ ሽታ ነው። አንድ መደርደሪያ፣ አንድ ቆርቆሮ ሳጥን፣ በሳጥኑ ውስጥ ጥፍር የምታህል ፍላሽ። አወጣቻትና ይዛው የመጣችውን ባዶ ፍላሽ በቦታዋ ተክታ ሳንቃውን መለሰችው። መጋረጃ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ በታችኛው ቅምቅማት ውስጥ ትንንሽ ብረቶች ይሰፉበታል። ከሙከራው ጨርቅ ሁለት ስፌት ፈታች፣ ፍላሿን ከብረቶቹ መሃል ከተተች፣ በሦስት ስፌት ዘጋችው። ስትቸኩል መርፌው ጣቷን ወጋት። ደሙን መጠጠችው።

ጨርቁን አወረደች። ወደ ግቢው አየች።

እንግዳው ከመኪናው ወርዷል። ሹሙ በሁለት እጁ እየጨበጠው ነው። ግራጫ ኮት። በትንሹ የሚያነክስ ቀኝ እግር።

አጎት።

«አሥር ሰዓት ላይ ግቢ» ያላት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባት። አሥር ሰዓት ላይ ዝርዝሩ ተሽጧል፤ ሳጥኑ ባዶ ነው። ባዶ ሳጥን ውስጥ እጇን ከትታ የምትያዘው እሷ ናት፤ ለመሥሪያ ቤቱም ከሃዲዋ ተገኘች ማለት ነው። ዝርዝሩን ሠላሳ አንዱ ለሚሰልሏቸው የውጭ ሰዎች አሳልፎ የሚሰጠው ደላላ ራሱ አጎት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት እንጀራ ቆርሳ ያጎረሰችው ሰው።

አጎት ቀና አለ።

አያት።

ጨርቆቿን በክንዷ አንጠልጥላ ወረደች። መደገፊያ በሌለው ደረጃ ላይ እያንዳንዱ ሳንቃ ከሥሯ የሚንሸራተት መሰላት። ሹሙ ዕቃውን ሊያመጣ እሷ በወረደችበት ወጣ። እመቤቲቱ ምሳውን ልታይ ወደ ጓሮ ሄደች። አርክቴክቱ መስኮቱ ጋር ፕላን ያገላብጣል። አጎት ጨርቁን እንደሚያደንቅ ሰው ጠጋ አለ።

«አሥር ሰዓት ነበር ያልኩሽ።»

«አሥር ሰዓት ላይ ፀሐይዋ የለችም።»

«ስጪኝ።»

«ምኑን?»

«ጭምት፣ እኔ ነኝ ሰው ያደረግኩሽ።»

«ዘጠነኛዋ እህቴ ናት። እርስዎ ያውቁ ነበር።»

አጎት ኮቱን አስተካከለ። ያውቅ ነበር።

ግን ሊያጋልጣት አይችልም። የመዝገብ ሹሙ የሚያውቀው ስሞችን እንጂ ፊቶችን አይደለም፤ ከፊቱ ያለው የውጭ ሰዎች ወኪል ይመስለዋል። አጎት «ሰላይ ናት» ቢል፣ «አንተ በምን አወቅሃት?» መባሉ ነው። ያን ጊዜ እሱም ከዚህ ሳሎን በእግሩ አይወጣም።

«ባዶ ነው» የሚል ድምፅ ከፎቅ ተሰማ።

ሹሙ በዝግታ ወረደ። በአንድ እጁ ክፍት ላፕቶፕ፣ በሌላው ሽጉጥ። ለዘበኛው ደውሎ በሩ እንዲቆለፍ አዘዘ።

«ያንን ክፍል የምናውቅ ሦስት ነበርን። አንዱ የለም። አንዱ እኔ ነኝ።»

አርክቴክቱን አየው።

«ልብስ ሰፊዋም ፎቅ ነበረች» አለ አጎት ቀስ ብሎ። «እንግዳ ሰው ነኝና አይፍረዱብኝ እንጂ፣ ብትፈተሽ ምን አለበት?»

እመቤቲቱ ድምፁን ሰምታ ከጓሮ ተመልሳ ነበር። «በቤቴ ሰው ሲፈተሽ አላይም» ብላ ተቃወመች። ሹሙ ሽጉጡን ሲያወዛውዘው ግን ራሷ ፈተሸቻት። ኪሷን፣ ጫማዋን፣ ጡት መያዣዋን። ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ክር፣ መቀስ፣ ሜትር፣ ጨርቅ ማስመሪያ ሳሙና።

«ጨርቁንስ?» አለ አጎት።

እመቤቲቱ ቅምቅማቱን በጣቷ ትዳብስ ጀመር። ብረት። ብረት። ብረት። ወደ ስፌቷ አንድ ስንዝር ቀራት። ጭምት እህቷን አሰበቻት፤ መልኳ አልመጣ አላት።

«ተዋት» አለ አርክቴክቱ። «እኔ ነኝ።»

ሁሉም ዞሩ።

«ትናንት ቧንቧ ልይ ብዬ ወጥቼ አልነበር? ያኔ ወሰድኩት። ገደሉ ውስጥ ወርውሬዋለሁ።» ሁልጊዜ ሹሙን «እርስዎ» ነበር የሚለው። አሁን ተወው። «ግንበኛው ሦስት ልጆች ነበሩት። ለቅሶው ላይ ተቀምጬ ነበር። አንተ ግን አልመጣህም።»

ጨርቁ ከእመቤቲቱ እጅ ወደቀ።

«የምን ግንበኛ?» አለች ባሏን። ሹሙ ሽጉጡን ወደ አርክቴክቱ አዞረ።

አጎት አፉን ከፈተ። ይዋሻል ለማለት እንዴት እንዳወቀ መናገር አለበት። ዘጋው።

«ሴቶቹ ይውጡ» አለ ሹሙ።

ጭምት ጎንበስ ብላ ጨርቁን አነሳች። አርክቴክቱ ወደ እሷ አላየም፤ እንዳያያት እየታገለ መሆኑ አንገቱ ላይ ያስታውቃል። አንዲት ቃል ብትናገር ታድነዋለች። ያቺው ቃል እህቷን ትገድላለች። ዕቃዋን ለቃቅማ ወጣች።

ዘበኛው በስልክ ጠይቆ በሩን ከፈተላት። ቁልቁለቱን በእግሯ ወረደች፤ መሮጥ አይቻልም፣ የሚሮጥ ልብስ ሰፊ የለም። ከኋላዋ ቤቱ ያበራል። ዞር ብትል ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ይታያታል።

ዞር አላለችም።

ድምፁ ግን ደረሳት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተተኮሰው።

ጨርቁን ይዛ በቀጥታ ወደ መሥሪያ ቤቱ ዋና ኃላፊ ቢሮ ገባች። ከቀትር በኋላ ቤቱ ተከበበ፤ ሹሙ ፍላሿን ከገደሉ እስኪያስፈልግ አጎትን ከቤቱ አላስወጣውም ነበርና፣ ሁለቱም እዚያው ተያዙ። በሁለት ቀን ውስጥ ሠላሳ አንዱም ወደ አገር ተመለሱ። እህቷም። አዲስ ስም፣ አዲስ ከተማ ተሰጣት፤ የት እንደሆነ ለማንም አይነገርም፣ ለጭምትም ቢሆን። ደስ አላት፣ ደስ ስላላት ደግሞ ራሷን ጠላች።

ኃላፊዋ የሪፖርቱን ቅጽ ገፋችላት። በመጨረሻው መስመር «ከእኛ ወገን የሞተ» ይላል።

«የለም ብለሽ ሙይው» አለች ኃላፊዋ።

«አርክቴክቱስ?»

«የኛ አልነበረም። ቁጥር የለውም።»

«የመጣው ግን ወደኛ ነው።»

«አውቃለሁ። ሙይው።»

ሞላችው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ማንም በማያውቃት ከተማ፣ ከዳቦ ቤት በላይ አንዲት ክፍል ተከራየች። አከራይዋ ደግ አሮጊት ናቸው፤ ጥያቄ ያበዛሉ።

«ስምሽ ማነው ልጄ?»

ጠዋት መሥሪያ ቤቱ የሰጣትን አዲስ ስም ነገረቻቸው።

«የሚጠይቅሽ ዘመድ አለሽ? እህት፣ ወንድም?»

በመንገዱ ማዶ ሁለት ወጣት ሴቶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው እየሳቁ ያልፋሉ። እስኪርቁ ድረስ በዓይኗ ሸኘቻቸው።

«ማንም የለኝም» አለች።

አሮጊቷ ከንፈራቸውን መጠጡና ቁልፉን ሰጧት።